የቆርቆሮ ሳንቲሞች

መጋቢት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሥዕሌ ከበረንዳ ተነሥቶ በረረ። እንዲደርቅ ግድግዳ አስደግፌው ሻይ ልጥድ ስገባ ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ አነሣው። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነች ስስ ኮምፔንሳቶ ናት። ሮጬ ስወጣ አየር ላይ እየተገለባበጠች ነበር፤ ከዚያ ከታች ካሉት የቆርቆሮ ጣሪያዎች አንዱ ላይ «ጓ!» ብላ አረፈች። የሚያስቀው ነገር፣ ሥዕሏ ላይ የነበሩት እነዚያው ጣሪያዎች ናቸው። የሚያሳፍረው ደግሞ፣ ስድስት ወር ሙሉ ስሥላቸው ከርሜ ከሥራቸው የሚኖር አንድም ሰው አለማወቄ ነው።

ተከራይ ነኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። በሥራ ቀን ለሰው ማስታወቂያ ዲዛይን አደርጋለሁ፤ ጧት ከሥራ በፊትና ቅዳሜና እሑድ እሥላለሁ። መስኮቴ የሚያየው ወደ ሰሜን ነው። ከሥሬ ዝገት የለበሱ ጣሪያዎች አሉ፤ ከነሱ ኋላ ወደ ተክለ ሃይማኖትና ወደ መርካቶ የሚዘልቀው የፎቅና የቆርቆሮ ድብልቅ፤ ከሁሉ ኋላ እንጦጦ። በስተቀኝ የንግድ ባንክ አዲሱ ሕንጻ ቆሟል፤ 209 ሜትር ስለሆነ ባትፈልጉትም ታዩታላችሁ። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የከተማው ባቡር ድምፅ አለ።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። አንድ መስኮት፣ አንድ ዓመት፣ በየወሩ አንድ ሥዕል፤ ጳጉሜን ሲጨመር 13። ሐሳቡን የወሰድኩት ከሞኔ ነው። ፈረንሳዊው ሰዓሊ በ1892 እና በ1893 እ.ኤ.አ. ሩዋን ከተማ ውስጥ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ክፍል ተከራይቶ፣ ያንኑ አንድ ሕንጻ ብርሃኑ በዞረ ቁጥር ሸራ እየቀየረ ከ30 ጊዜ በላይ ሥሎታል። እሱ ካቴድራል ነበረው፣ እኔ ቆርቆሮ። እሱ የዘይት ቀለም ነበረው፣ እኔ አክሪሊክ።

አክሪሊክን ለማታውቁት ትንሽ ልንገራችሁ። የቀለም ዱቄት ውሃ ውስጥ ከተበተነ ፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ የሚሠራ ነው። ውሃው ሲተን ፕላስቲኩ እርስ በርሱ ተጣብቆ ቀለሙን ይይዛል። ያ ፕላስቲክ እርጥብ ሳለ ወተት ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን ይጠራል። ስለዚህ የቀባችሁት ሁሉ ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል። ጧት «ይሄ ነው ሰማይ!» ብዬ የተውኩት፣ ማታ ከሥራ ስመለስ ዝናብ ያዘለ መስሎ ይጠብቀኛል። መፍትሔው ከምትፈልጉት ትንሽ አንጥቶ መቀባት ነው። ይህን ለመማር ሁለት ወርና ብዙ ነጭ ቀለም ፈጀብኝ።

ደግሞም አክሪሊክ ወር ይቆጥራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በጥር አየሩ ደረቅ ስለሚሆን ፓሌት ላይ ያወጣሁት ቀለም በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ያወጣል፤ አንድ እጄ ብሩሽ፣ አንድ እጄ የውሃ መርጫ ይዞ ነው የምሠራው። በሐምሌ ደግሞ በተቃራኒው ወፈር ያለ ቀለም ትናንት ተቀብቶ ዛሬም ጣት ይይዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት በረንዳው ላይ ሌላ ጣጣ አለ፤ ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ፕላስቲኩ በደንብ አይያያዝም። የኅዳር ሥዕሌ አንዱ ጥግ እንደ ኖራ በጥፍር የሚነሣው ለዚህ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለሰው ነው፤ ቀለም እስከ ታኅሣሥ ይበርደዋል።

የብርሃኑ ነገር ግን ቀላል መስሎኝ ነበር። ዩቲዩብ ላይ ያገኘኋቸው አስተማሪዎች ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ሰዓሊ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ይፈልግ፣ በዚያ በኩል ፀሐይ አትገባምና ብርሃኑ አይለዋወጥም። እኔ ሳልፈልገው ደርሶኛል! ከመስከረም እስከ መጋቢት የሣልኳቸውም ይህንኑ ያሳያሉ። ፀሐይ ከኋላዬ ናት፤ ፊታቸውን ወደኔ ያዞሩት ግድግዳዎች ሁሉ በርተዋል፤ የመብራት ምሰሶው ጥላ ቀትር ላይ ከእኔ ርቆ ወደ እንጦጦ ይወድቃል። ፀሐይ በደቡብ፣ ጥላ በሰሜን። በቃ፣ ሕጉን ያወቅኩ መሰለኝ።

ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። ሥዕሌን ፍለጋ ወረድኩ። ከአጥሩ ወዲያ ባለው ቀጭን መንገድ ገብቼ በር እቆጥራለሁ። ከላይ አምስተኛ የነበረ ጣሪያ ከታች ስንተኛ በር እንደሚሆን ለማወቅ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አይገኝም። ሁለት ቤት አንኳክቼ ሦስተኛው ጋ ስደርስ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ሥዕሏን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ያንቺ ነው ይሄ?»

«አዎ እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ነፋሱ ነው።»

«እኔስ ድንጋይ የወረወሩብኝ መስሎኝ ልረግም ነበር። የጎረቤት ልጅ ነው በአጣና ያወረደልኝ። ግቢ፣ ቡና ቀርቧል።»

ስገባ ቤቱ ጨለመብኝ። ዓይኔ ሲለምድ ግን ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ኮርኒሱ በአንድ በኩል በፍሳሽ በስብሶ ወርዷል፤ በዚያ በኩል ቆርቆሮው ራሱ ይታያል። ሚስማር ከለቀቀባቸውና ዝገት ከበላቸው ቀዳዳዎች ብርሃን ይወርዳል። ሲሚንቶው ወለል ላይ የተበተነው ብርሃን ሁሉ ክብ ነው፤ እያንዳንዱ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል። ወደ ላይ ቀና ብዬ ቀዳዳዎቹን አየሁ። አንዳቸውም ክብ አይደሉም፤ የተሰነጠቀ አለ፣ የተሸነቆረ አለ። (በኋላ አንብቤ እንደገባኝ፣ ትንሽ ቀዳዳ የምትጥለው የራሷን ቅርጽ ሳይሆን የፀሐይን ምስል ነው፤ ሌንስ እንደሌለው ካሜራ። ጣሪያው ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ካለ ምስሉ የሳንቲም ልክ ይሆናል።)

«ሳንቲሞቼ ናቸው» አሉኝ፣ ወለሉን ሳፈጥበት አይተው። «ከሰዓት እዚህ አልጋው እግር ሲደርሱ ነው ቡና የምጥደው። ለገና ጊዜ ቀትር ላይ እስከ ጓዳው ግድግዳ ሁለት ርምጃ ይገባሉ። ክረምት ሊገባ ሲል ደግሞ ወደ በሩ ይሻገራሉ።»

በሩ በደቡብ በኩል ነው። ብርሃኑ ወደ ደቡብ እንዲወድቅ ፀሐይ በሰሜን መሆን አለባት። የተማርኩት ሕግ ይህን አይፈቅድም። «አይሻገሩም እማማ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት፤ የሰው ቡና እየጠጡ እንዴት ይባላል? ፊቴን አይተው ግን ገባቸው መሰለኝ። «ሚያዝያን ጠብቂ» አሉ።

ከዚያ ስለ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ነገሩኝ። እሑድ ጧት ነበር፣ ፀሐይ በጨረቃ የተጋረደች ዕለት። እኔ ያን ቀን አልጋዬ ላይ ሆኜ ከላሊበላ የሚለቀቁትን ፎቶዎች በስልክ ሳይ ነበር። እሳቸው ደግሞ፣ ደመናው ገለጥ ሲል፣ ግድግዳቸው ላይ ያሉት ሳንቲሞች አንድ በአንድ ማጭድ ሲሆኑ አይተዋል። «ሁሉም ባንዴ ማጭድ! ስንቱን ማጭድ ልንገርሽ። መጀመሪያ ፈራሁ፣ ከዚያ ጎረቤት ጠራሁ» ብለው ሳቁ።

ሁለተኛው ስኒ ላይ ሥዕሏን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ረጅም ሰዓት አዩዋት።

«የኔ የቱ ነው?»

ጣቴን ዘረጋሁ። «ይሄኛው መሰለኝ።»

መሰለኝ። ያንን ጣሪያ ሰባት ጊዜ ሥዬዋለሁ። የዝገቱን ቀለም ከበርንት ሲየናና ከአልትራማሪን በስንት መጠን እንደማገኘው በቃሌ እላለሁ። የማን እንደሆነ ግን ስጠየቅ የመለስኩት «መሰለኝ» ነው።

እሳቸው አልተቀየሙም። «ከ30 ዓመት በላይ ኖሬበት ከላይ አይቼው አላውቅም» አሉና ጣታቸውን አንድ ጠቆር ያለች ቦታ ላይ አሳረፉ። «ይቺስ ምንድን ናት?» ወደ ጣሪያው ጫፍ የተጠጋች፣ ከሌላው የጠለቀች ዝገት ናት። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር የሠራኋት፤ ሥዕሉን የያዘችው እሷ ናት ብዬ አስብ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ሥዕሉ አዩ፣ ደግመው ወደ ላይ አዩ። «እንዴ! በየክረምቱ ባልዲ የሚያስደረድረኝ ይቺ ናታ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃው የሚንጠባጠበው መሐል ቤት ስለነበር፣ በየዓመቱ የሚወጣው ሰው የሚደፍነው ከመሐል ቤት በላይ ያለውን ነው። ውሃው ግን የሚገባው ከላይ ጫፉ ጋ ነበር፤ ገብቶ በእንጨቱ ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ መሐል ላይ ይወርዳል። ከውስጥ አይታይም። በሳምንቱ የጎረቤቱ ልጅ ሥዕሏን እያየ ወጥቶ ያቺን ቦታ ሬንጅ ቀባት። ያን ዓመት ክረምት ባልዲ አልተደረደረም። እስካሁን ከሥዕሎቼ ሁሉ ለሰው በግልጽ የጠቀመው እሱ ነው። ጥጉ በውድቀቱ ቢሰነጠቅም ለእማማ ሰጠኋቸው፤ ስለዚህ ከ13ቱ መጋቢት እኔ ጋ የለም።

ሚያዝያ ደረሰ። ምሰሶውን መከታተል ጀመርኩ። እዚህ ፀሐይ ጫፍ የምትደርሰው ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ከ25 ገደማ ነው፤ ሰዓታችን የተቆረጠው ከኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ልክ ስለሆነ። በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት አንድ እሑድ ቀትር ላይ ወጥቼ ሳይ ምሰሶው ጥላ የለውም። ከእግሩ ሥር ገብቶ ጠፍቷል። ግንቦት ሲመጣ ጥላው ተመልሶ ወጣ፤ አሁን ግን ወደ እኔ ነበር የሚያመለክተው።

ማብራሪያው የትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ታልፋለች፤ አንዴ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ አንዴ በነሐሴ መጨረሻ ገደማ። በነዚህ መካከል ባሉት ወራት ቀትር ላይ የምትገኘው በሰሜን በኩል ነው። የዩቲዩብ አስተማሪዎቼ የሚኖሩት 40 እና 50 ዲግሪ ላይ ስለሆነ እነሱ ጋ ይህ መቼም አይሆንም። አልዋሹኝም፤ የነገሩኝ ስለ ራሳቸው መስኮት ነው። እማማ ደግሞ ስለ ልደታ ነገሩኝ።

የግንቦት ሥዕሌ ከሌሎቹ የማይመስለው ለዚህ ነው። ወደኔ የዞሩት ግድግዳዎች ጠቆሩ፤ ጣሪያዎቹ ግን ብርሃኑን ወደኔ እየመለሱ እንደ መስታወት አበሩ። ዝገቱን በብርሃን ውስጥ ማየት አልቻልኩም። «የማይለዋወጠው» መስኮቴ ጧት ከቀኝ፣ ማታ ከግራ ፀሐይ አስገባ። ቀትር ላይ ደግሞ ከታች ካሉት ቆርቆሮዎች የሚመለሰው ብርሃን ኮርኒሴ ላይ ወጥቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሥራዬን ትቼ በጀርባዬ ተኝቼ አየው ነበር።

በልጅነቴ እያየኋቸው ያደግኩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ውስጥ መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ የለም። ፊቱ በሙሉ በርቶ ይታያችኋል፤ ብርሃኑ ከየት መጣ አይባልም። አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ በሠራው 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ውስጥ ደግሞ ፀሐይ ራሷ አልፋ ነው ሥዕሉን የምታበራው። በእኛ ዘመን አዲስ ገዛኸኝ የከተማውን ቤቶች አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሮ እንደ ማማ ያቆማቸዋል፤ ከመሬት የተነቀሉ ይመስላሉ። ስለ ብርሃንና ስለ ቤት ከነሱ ብዙ ተምሬያለሁ። ሳንቲሞቹን ካየሁ በኋላ ግን የራሴን ሥራ ሳይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ብርሃኑ ቆርቆሮው ላይ ሲደርስ ያለቀ መስሎኝ፣ እዚያው ብሩሼን አነሣ ነበር። እሱ ግን ቀዳዳ ፈልጎ ገብቶ አልጋ እግር ድረስ ይሄዳል፤ የሰው ቡና ሰዓት ይሆናል።

ግንቦት 1 ልደታን ከእማማ ጋር ዋልኩ። የመንደሩ ሴቶች ምድጃቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ንፍሮ ቀቀሉ፣ ቡና ተፈላ። ቀትር ላይ የሁሉም ሰው ጥላ ከእግሩ ሥር አጭር ሆኖ ወደ ደቡብ ወጥቶ ነበር። ለእማማ አሳየኋቸው። «አላልኩሽም?» አሉና ንፍሮ ዘገኑልኝ።

ሐምሌ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ሰማዩም ጣሪያውም ከአንድ ድብልቅ ይወጣሉ፤ ለሰማዩ ነጭ አበዛለሁ፣ ለጣሪያው ቡኒ። እማማ ሳንቲም ሳያዩ ሳምንታት አለፉ። «ባልዲም ሳንቲምም የለም፤ ጾም ነው» ይሉኝ ነበር።

ጳጉሜንን ጨርሼ 13 ሞላ ባልኩበት ሰሞን «ሰፈሩ ይነሣል» የሚለው ወሬ መጣ። ጥቅምት ላይ ወሬ መሆኑ ቀረ። እማማ ዕቃቸውን ሲያስሩ ላግዝ ወረድኩ። ምን እንደምል ስለጠፋኝ «ከመስኮቴ ሳጣዎት…» ብዬ ጀመርኩ። እሳቸው የመጋቢቷን ሥዕል በነጠላ እየጠቀለሉ ቀና ብለው ወደ ሕንጻዬ አዩ።

«እዚያ አንቺ ያለሽበት ጋ የእህቴ ቤት ነበር» አሉ። «ልጆቿን ሁሉ እዚያ ነው ያሳደገችው።»

ለመውቀስ አልነበረም። አድራሻ እንደሚነግር ሰው ነው ያሉት። እኔ ግን ደረጃውን ስወጣ እግሬ ከበደኝ። ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ሰፈር እንደፈረሰ አውቃለሁ፤ ልደታ የሚኖር ማን የማያውቅ አለ? የማውቀው ግን «ሰፈር» ብዬ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ የቆምኩበት፣ ሥዕሎቼን ሁሉ ያየሁበት ቦታ ከሥሩ የአንዲት ሴት ጣሪያ እንደነበረ፣ በሱም ውስጥ ሳንቲሞች ይዞሩ እንደነበር አስቤው አላውቅም።

ቤቶቹ ለመፍረስ ብዙ ቀን አልወሰደባቸውም። የኅዳር ብርሃን ቡናማ አፈር ላይ ወረደ። ሥዬዋለሁ፤ አስቀያሚም አይደለም፤ የሎው ኦከርና ትንሽ ቀይ ነው። ለውጡ የገባኝ ዘንድሮ ግንቦት ሲመጣ ነው። ቀትር ላይ በልማዴ በጀርባዬ ተኝቼ ኮርኒሴን ጠበቅኩ። ምንም የለም። ፀሐይዋ እንዳምናው በሰሜን በኩል ናት፤ ከታች ግን የሚመልሳት ቆርቆሮ የለም።

በሳምንቱ ዳቦ ይዤ እማማ ጋ ሄድኩ። ከከተማው ዳር ነው የደረሳቸው፤ ሁለት ታክሲና ትንሽ የእግር መንገድ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃው እቤት ድረስ ይመጣል፣ አያፈስም፤ እሳቸውም ይህን ደጋግመው ተናገሩ። ሥዕሏ ቡፌው ላይ ተደግፋ ቆማለች፤ ሚስማር ግድግዳው ውስጥ አልገባ ብሏል። ጎረቤት እየመጣ «ይሄ የት ነው?» ሲላቸው ባልዲ ያስደረደረቻቸውን ቦታ በጣታቸው ያሳያሉ።

«ሳንቲሞቹስ?» አልኳቸው፣ ደፍሬ።

«የለም። ምን ቀዳዳ አለውና?» አሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠቆሙኝ። በምዕራብ በኩል ነው፤ 9 ሰዓት ገደማ ስለነበር ፀሐይ ገና መግባቷ ነው። ወለሉ ላይ አንድ ረጅም አራት ማዕዘን ብርሃን ተዘርግቷል። «እዚህ ሳንቲም ቀርቶ የሚመጣው የወረቀት ብር ሆኗል» ብለው ሳቁ። «መጀመሪያ ሰሞን ሰዓቱ ጠፍቶብኝ ነበር። አሁን እየለመድኩት ነው።»

ረከቦቱን ከብርሃኑ ጫፍ ሁለት ስንዝር ያህል ወዲህ አስቀምጠውታል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አቦሉ ሲወርድ ይደርሳል» አሉና ጀበናውን ጣዱ።